ለማርታ ቃል፣ ለማርያም ዕንባ፦ የአገልግሎት ኃላፊዎች ለእያንዳንዱ አገልጋይ እንዴት ይናገሩ?

«ለሁሉም የተናገርነው አንድ ነገር ነው፤ ታዲያ ስለ ምን አንዱ ሰምቶ ፈጸመ፣ ሌላው ተቀይሞ ቀረ?» ይህ ጥያቄ በሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ፣ በሰንበት ትምህርት ቤትና በልዩ ልዩ የአገልግሎት ክፍሎች ኃላፊነት ከተሰጣቸው ወንድሞችና እኅቶች ዘንድ ደጋግሞ ይሰማል። ጥያቄው ስለ አነጋገር ብቻ የተነሣ ቢመስልም ጉዳዩ ከዚያ የሚያልፍ ነው። አገልጋዮች ከአገልግሎት የሚርቁት ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ጠብ አይደለም። አንዱ በጉባኤ ፊት በተሰጠው ማስተካከያ ያፍራል፣ ሌላዋ የደከመችበትን ሥራ ማንም ሳያነሣው ያልፋል፣ ሦስተኛው ምን እንደሚጠበቅበት ሳይገባው ወር ይቈጥራል፤ ከዚያም መምጣታቸው እየሳሳ ይሄድና አንድ ቀን ይቋረጣል። ኃላፊው የተናገረው ነገር ስሕተት ላይሆን ይችላል። ለዚያ ሰው የተነገረበት መንገድ ግን ያ ሰው ሊሰማበት የሚችል አልነበረም።

በዚህ ጽሑፍ የምናየው ይህንኑ ነው፦ ሰዎችን የሚያስተባብር ኃላፊ መልእክቱን ሳይለውጥ አነጋገሩን ለእያንዳንዱ ሰሚ እንዴት ሊያስማማ እንደሚችል፣ ይህንንም ሲያደርግ ከምን መጠንቀቅ እንዳለበት።

ለዚህ ነገር በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ላይ ካለው የአልዓዛር ታሪክ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ሁለቱ እኅትማማቾች በየተራ ወደ ጌታችን ቀርበው የተናገሩት ቃል አንድ ነው፤ አንተ በዚህ ብትኖር ወንድማችን ባልሞተ ነበር የሚል (ዮሐ. 11፥21 እና 32)። ኀዘናቸውም አንድ፣ ቤታቸውም አንድ፣ የሞተባቸውም ወንድም አንድ ነው። የተሰጣቸው መልስ ግን አንድ አይደለም። ማርታ መምጣቱን እንደ ሰማች ተነሥታ በመንገድ የተቀበለችው፣ ጥያቄ የምትጠይቅና በቃል የምትመላለስ ሴት ናት፤ ለእርሷ ስለ ትንሣኤ አስተማራት፣ ታምኚያለሽን ብሎም ጠየቃት፤ እርሷም በእምነት ቃል መለሰች። ማርያም ግን በቤት ተቀምጣ ነበር፤ በመጣችም ጊዜ ከእግሩ በታች ወድቃ አለቀሰች። ለእርሷ ትምህርት አልሰጣትም። ወዴት እንዳኖሩት ጠየቀ፤ ዕንባውንም አፈሰሰ። ማርታ በዕንባ ብቻ፣ ማርያምም በትምህርት ብቻ ብትመለስ ኖሮ ሁለቱም ምን ያህል ይጎድልባቸው እንደ ነበረ ማሰብ አያዳግትም። ልብ ልንለው የሚገባው ደግሞ ጌታችን ለሁለቱም ያደረገላቸው የመጨረሻው ነገር አንድ መሆኑን ነው፤ አልዓዛርን አስነሣላቸው። የተለየው ወደዚያ የሚያደርሰው አነጋገር ነበር።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም በዚሁ መንገድ ሲሄድ እናገኘዋለን። ለተሰሎንቄ ክርስቲያኖች ሲጽፍ ያለ ሥርዓት የሚሄዱትን፣ ልባቸው የደከመውንና ኃይል የሌላቸውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ለይቶ ያስቀምጣቸዋል፤ ለመጀመሪያዎቹ ተግሣጽን፣ ለሁለተኞቹ ማጽናናትን፣ ለሦስተኞቹ ድጋፍን ያዝዛል፤ ትዕግሥትን ግን ለሁሉም (1ኛ ተሰ. 5፥14)። ልቡ የደከመውን የገሠጸ፣ ያለ ሥርዓት የሚሄደውንም ያባበለ ኃላፊ መድኃኒት አቀያይሮ እንደ ሰጠ ሐኪም ነው። ለፊልሞና በጻፈው መልእክቱም ማዘዝ ሲችል መለመንን መረጠ፤ ሥልጣን እንዳለው አልካደም፣ ነገር ግን ያ ባለጠጋ ወዳጁ በትእዛዝ ሳይሆን በፍቅር ሲጠየቅ ልቡ እንደሚከፈት ያውቅ ነበር። ለቆሮንቶስ ሰዎች ደግሞ በአንድ ወቅት ራሱ ከመሄድ ይልቅ ደብዳቤ መላክን እንደ መረጠ ጽፎላቸዋል፤ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ኀዘን በኀዘን ላይ ይጨምር ነበርና (2ኛ ቆሮ. 1፥23 – 2፥4)። በአካል መናገርና በጽሑፍ መናገር የተለያየ ክብደት እንዳላቸው ሐዋርያው ጠንቅቆ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ነገሩን በስፋት የተነተነው ግን ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ነው። እርሱ ያለ ፈቃዱ በአባቱ እጅ ቅስና ከተሾመ በኋላ ወደ ጳንጦስ ሸሽቶ ነበር፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ362 ዓ.ም. ተመልሶ ስለ ምን እንደ ሸሸ ያስረዳበት ረጅም ድርሳን እስከ ዛሬ ይነበባል። ከሸሸባቸው ምክንያቶች አንዱ ሰውን መምራት ከጥበቦች ሁሉ የሚበልጥ ጥበብ መሆኑን መረዳቱ ነው። በዚያ ድርሳን ወንድና ሴትን፣ ሽማግሌና ወጣትን፣ ባለጠጋና ድኻን፣ ደስተኛና ኀዘንተኛን፣ ፈሪና ደፋርን እየዘረዘረ ለእነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት ቃል እንደማይበቃ ያስረዳል። አንዳንዱ በትምህርት፣ አንዳንዱ በምሳሌነት ይመራል፤ አንዱ እንደ ሰነፍ ፈረስ መነዳትን፣ ሌላው እንደ ፈጣን ፈረስ ልጓምን ይሻል። ምስጋና የሚጠቅመው አለ፣ ወቀሳ የሚጠቅመውም አለ፤ ሁለቱም ግን ጊዜያቸውን ካልጠበቁ ይጎዳሉ። በአደባባይ ሲታረም የሚመለስ አለ፤ በአደባባይ ሲነገረው ኀፍረቱን የሚጥል፣ በስውር ሲነገረው ግን የሚሰማም አለ። እንዲያውም በአንዳንዶች ዘንድ ጥቃቅኑን ሁሉ መከታተል፣ በሌሎች ዘንድ ደግሞ አይቶ እንዳላዩ ማለፍ እንደሚገባ ይናገራል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ዛሬ ላሉ ኃላፊዎች በተለይ የሚጠቅም ይመስለናል። ስለ እያንዳንዱ ብር ደረሰኝ ሲጠየቅ «አልታመንኩም» ብሎ የሚያዝን አገልጋይ አለ፤ ካልተጠየቀ ደግሞ «ሥራዬን ማን አየልኝ» የሚል አለ።

ከዚህ ሁሉ ጋር በሀገራችን የአብነት ትምህርት ቤቶች ያለውን ልማድ ማስታወስ ይገባል። በንባብ ቤት ብዙ ሕፃናት በአንድ ጥላ ሥር ቢቀመጡም እያንዳንዱ የሚያነበው የራሱን ነው፤ አንዱ ገና ፊደል ይለያል፣ ሌላው ዳዊት ይደግማል፣ የኔታም እያንዳንዱን በደረሰበት ይቀበሉታል። በቅኔ ቤትም ጀማሪው ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃና ሲቈጥር የቀደመው ስምንት ቤት ያለውን መወድስ ይቈጥራል፤ እያንዳንዱም ያሰበውን ለመምህሩ ነግሮ በራሱ ቅኔ ላይ ይታረማል። በአንድ ጉባኤ እየተቀመጡ በየግል መማር ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሆነው ይልቁንም ሁሉን በአንድ ማስታወቂያ ሰብስቦ ማዘዝ ነው።

ወደ ዛሬው አጥቢያ ስንመለስ የሰሚው መለያየት ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። በ1965 ዓ.ም. በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና የወጣው ቃለ ዓዋዲ ሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች እንዲውጣጣ አድርጓል። ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ ሆኖም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ዕድሜያቸውን በማኅሌት ያሳለፉ መሪጌታ፣ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ነጋዴ፣ የሒሳብ ባለሙያና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይቀመጣሉ ማለት ነው። የሒሳብ ባለሙያዋ ቊጥር ካላየች አትረጋጋም። ነጋዴው «ቁርጡን ንገሩኝ» ይላል። መሪጌታ ነገሩ ከሥርዓት አንጻር ምን እንደሚመስል አስቀድመው መስማት ይፈልጋሉ። ተማሪው ደግሞ የመጣው ሐሳቡ እንዲሰማለት ነው። ሰብሳቢው ስለ ጣሪያ ጥገና በአንድ አነጋገር ብቻ ሲናገር ቢያንስ ሦስቱ ሳይሰሙት ይወጣሉ።

የአማርኛ ቋንቋም ራሱ የሚጨምረው ነገር አለ። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ አንቱ እያልን ገና አፋችንን ስንከፍት የሰሚውን ቦታ እንወስናለን። የሠላሳ ዓመት ወጣት ሰብሳቢ አባቱ የሚሆኑ አረጋዊን ማሳሰብ ሲኖርበት ምን ያድርግ? ቅዱስ ጳውሎስ ለወጣቱ ጢሞቴዎስ የመለሰለት ይህንኑ ነው፤ ሽማግሌን እንደ አባት፣ ጎልማሶችን እንደ ወንድሞች፣ አሮጊቶችን እንደ እናቶች፣ ቈነጃጅትን እንደ እኅቶች ይዞ በፍጹም ንጽሕና እንዲናገር (1ኛ ጢሞ. 5፥1-2)። በተግባር ሲታይ ለአረጋዊው ጉዳዩን በስልክ መልእክት ከመላክ ይልቅ ከቅዳሴ በኋላ ቀርቦ፣ መስቀል ተሳልሞ ወይም እጅ ነሥቶ፣ «አባታችን፣ ምክርዎን ፈልገን ነበር» ብሎ መጀመር ነው። ይህ ሽንገላ አይደለም፤ ምክራቸው በእውነት ስለሚያስፈልግ ነው። የማያስፈልግ ከሆነም ባይባል ይሻላል።

አንድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ልዩነት ደግሞ በቀጥታ መናገርና በአንጻር መናገር ነው። በዕድሜ የገፉት አባቶቻችንና እናቶቻችን ቅሬታቸውን ብዙውን ጊዜ ገልጠው አይናገሩም፤ በተረት፣ በምሳሌ ወይም በሰምና ወርቅ ያልፉታል። «ዘንድሮ እንግዳ ተቀባዩ በዛ፣ ወንበሩ ግን አነሰ» ያሉ እናት ስለ ወንበር ብቻ እየተናገሩ ላይሆን ይችላል። ይህን ያልተረዳ ወጣት ኃላፊ ስቆ ያልፋል፤ እርሳቸውም «ነገርኩት፣ አልሰማኝም» ብለው ያዝናሉ። በተቃራኒው በአሜሪካና በአውሮፓ በተወለዱ ወይም ባደጉ ልጆች ዘንድ ቃል የሚወሰደው እንደ ተነገረ ነው። በዚያ ያለ የአጥቢያ አስተዳዳሪ ለወጣት መዘምር «እስቲ እንግዲህ ሲመችህ» ቢለው ወጣቱ በእውነት ሲመቸው ይመጣል፤ አባታችን ግን ዛሬውኑ ና ማለታቸው ነበር። ወጣቱም በበኩሉ «ይህ አይቻልም» ብሎ በአጭሩ ሲመልስ ድፍረት ይመስላል፤ ለእርሱ ግን ሐቀኝነት ነው። በዚህ መካከል የቆመ ኃላፊ ለአንደኛው ወገን ሰሙን ፈትቶ፣ ለሌላው ደግሞ ግልጹን ቃል አለዝቦ ማድረስ ይጠበቅበታል። በብዙ አጥቢያዎች የሚነሡት የ«አባቶችና የልጆች» አለመግባባቶች ከዶግማም ከቀኖናም ሳይሆን ከዚህ የሚጀምሩ ይመስለናል።

«እሺ» የሚለውን ቃልም ለይቶ መስማት ያስፈልጋል። እሺ ማለት ለአንዱ «አደርገዋለሁ» ነው፤ ለሌላው «ሰማሁ»፣ ለሦስተኛው ደግሞ «ፊትዎን ላለማስቀየም ነው እንጂ አልስማማም» ነው። ከኃላፊ ፊት እምቢ ማለት ነውር ሆኖ ያደገ ሰው ብዙ ነውና ኃላፊው «ይቻልሃል ወይ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «የትኛው ክፍል ይከብድሃል?» ቢል እውነቱን የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። ጥያቄው ራሱ የሚከብድ ነገር መኖሩን አስቀድሞ ስለሚቀበል መናገር አያሳፍርም።

ዝምታም እንዲሁ ነው። በስብሰባ ላይ የማይናገር አገልጋይ ሐሳብ የለውም ተብሎ ይታለፋል። አንዳንድ ሰው ግን ተናግሮ የሚያስብ ሲሆን አንዳንዱ አስቦ የሚናገር ነው። ለዚህኛው አጀንዳው ከሁለትና ከሦስት ቀን በፊት ቢደርሰው፣ በስብሰባውም መጨረሻ በስሙ ተጠርቶ ቢጠየቅ የሚሰጠው ሐሳብ የበሰለ ይሆናል። ይህ ካልሆነ የአጥቢያው ውሳኔ ሁሉ ቶሎ መናገር በሚችሉ ሦስት ሰዎች አፍ ይወሰናል። በዐረብ ሀገራት በቤት ሠራተኝነት እየደከሙ በዕረፍታቸው ቀን የሚያገለግሉ እኅቶቻችን ደግሞ ሐሳብ ኖሯቸው ጊዜ የሌላቸው ናቸው፤ ስልካቸውን የሚከፍቱት ሥራቸውን ሲጨርሱ ነውና «በአንድ ሰዓት ውስጥ መልሱ» የሚል መልእክት ለእነርሱ ትርጉም የለውም።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ስሕተትን መናገር ነው። ነቢዩ ናታን ወደ ንጉሥ ዳዊት በተላከ ጊዜ በክስ አልጀመረም፤ ስለ ድኻውና ስለ አንዲቱ በግ ነገረው፣ ዳዊትም በገዛ አፉ ፈረደ (2ኛ ሳሙ. 12)። የፍርድ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው በፍትሕ ስሜቱ በኩል ሲደረስበት ልቡ ተሰበረ። ናታን ግን በምሳሌው ብቻ አላበቃም፤ ያ ሰው አንተ ነህ ብሎ ገለጠለት። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ክፍል ወስደን ሁለተኛውን እንተዋለን፤ በለዘብታ እንጀምርና ዋናውን ነገር ሳንናገር እንነሣለን። ሰሚውም ምስጋና የተቀበለ መስሎት ይሄዳል። እንዲህ ያለው አነጋገር ትሕትና ይምሰል እንጂ አገልጋዩን ከነስሕተቱ የሚተው ነው።

የደከመውን ሰው በተመለከተ ደግሞ የነቢዩ ኤልያስ ታሪክ አለ። ከክትክታው ዛፍ ሥር ተኝቶ ሞትን በለመነ ጊዜ የመጣለት መልአክ ምክር አልሰጠውም፤ እንጀራና ውኃ ሰጠው፣ ተኛ፣ ዳግመኛም አበላው። ጥያቄውና ተልእኮው የመጡት ከዚያ በኋላ በኮሬብ ነው (1ኛ ነገ. 19)። በዐቢይ ጾም የሰሙነ ሕማማትን ዝግጅት ሲያስተባብር ሰንብቶ ፊቱ የገረጣውን ወንድም ስለ ሪፖርት መዘግየት ለመገሠጽ የትንሣኤው ሳምንት እስኪያልፍ መጠበቅ ምን ይጎዳል?

በዓለማዊው የአስተዳደር ትምህርትም ይህ ጉዳይ ሰፊ ቦታ አለው። ዊሊያም ማርስተን የተባለው የሥነ ልቡና ሰው በ1928 በአሳተመው መጽሐፍ የሰዎችን ጠባይ በአራት መደብ ከፍሎ ነበር፤ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው «ዲስክ» የተባለው መጠይቅ ከዚያ የመነጨ ነው። ፖል ኸርሲና ኬን ብላንቻርድም በ1969 ያቀረቡት ሐሳብ መሪ ለጀማሪው ዝርዝር መመሪያ እየሰጠ፣ ለበሰለው ደግሞ ኃላፊነቱን እየለቀቀ እንዲሄድ ያስተምራል። በተለይ ይህ ሁለተኛው ከየኔታ አሠራር ብዙም አይርቅም። በመጠይቅ ሰውን መመደብ ላይ ግን ቁጥብ መሆን ይገባል እንላለን። «አንተ እኮ የእንዲህ ዓይነት ሰው ነህ» የተባለ አገልጋይ ከዚያ ሳጥን መውጣት ይቸግረዋል። ያው ሰው በደስታው ቀን ፈጣን፣ በኀዘኑ ቀን ዝምተኛ ሊሆን ይችላል፤ በሚያውቀው ሥራ ላይ ነፃነት የሚፈልገው ሰው በማያውቀው ሥራ ላይ እጁን እንዲይዙት ይሻል።

ሌላም አደጋ አለ፤ እርሱም አነጋገርን መለወጥ ነገሩን ወደ መለወጥ መሻገሩ ነው። ለአንዱ «በጀቱ ጸድቋል»፣ ለሌላው «ገና ነው» ያለ ኃላፊ አነጋገሩን አላስማማም፤ ዋሽቷል። ስለዚህ ውሳኔ ሁልጊዜ በአንድ ቃል ተጽፎ፣ በአንድ ጊዜ ለሁሉ ሊደርስ ይገባዋል። ማብራሪያው፣ ሰዓቱ፣ ቦታውና ድምፁ ሊለያይ ይችላል። እንዲሁም ለምንቀርባቸው ብቻ ጊዜ እየሰጡ ለሌሎቹ ማስታወቂያ መለጠፍ አድልዎ ነው፤ አገልጋዮችም ይህንን ለማወቅ ብዙ ቀን አይፈጅባቸውም።

«እኔ ተፈጥሮዬ እንዲህ ነው፤ በግልጽ እናገራለሁ፣ የሚከፋው ይክፋው» የሚሉ ኃላፊዎችም አይጠፉም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ከሥር ያሉት ሰዎች ሁልጊዜ ለአለቃቸው ጠባይ ይስማማሉ፤ ዛሬ ፊቱ ምን ይመስላል ይላሉ፣ ቃል ይመርጣሉ፣ የሚቀርቡበትን ሰዓት ይጠብቃሉ። የመስማማት ድካም በጠቅላላ በእነርሱ ላይ ወድቋል። ንጉሥ ሮብዓም በሴኬም ሕዝቡ ቀንበሩን እንዲያቀልላቸው በለመኑት ጊዜ ሽማግሌዎቹ ለዚያች ቀን በጎ ቃል እንዲናገራቸው መከሩት፤ እርሱ ግን የእኩዮቹን ምክር ሰምቶ በጭካኔ መለሰ፤ ዐሥሩ ነገድም ከእርሱ ተለዩ (1ኛ ነገ. 12)።

እንግዲህ ኃላፊው የእያንዳንዱን ሰው ጠባይ እንዴት ያውቃል? ብዛት ካለ አይቻልም። ዮቶር ሙሴን የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የዐሥር አለቆች እንዲሾም የመከረው ፍርዱን ለማቅለል ነበር (ዘፀ. 18)፤ ነገር ግን ዐሥር ሰው የሚመራ አለቃ የዐሥሩንም ቤት፣ ሥራና ጠባይ ሊያውቅ እንደሚችል ከዚያው እንረዳለን። ሁለት መቶ አባላት ያሉትን ክፍል በአንድ የቴሌግራም ቡድን ብቻ የሚመራ ኃላፊ ማንንም አያውቅም፤ አባላቱን በንዑሳን ክፍሎች ከፍሎ ለእያንዳንዱ አስተባባሪ መመደብ ይኖርበታል። በየዓመቱ በመስከረም አዲስ የአገልግሎት ዕቅድ ሲጀመር አስተባባሪው ከእያንዳንዱ አገልጋይ ጋር ለብቻ ተቀምጦ ጥቂት ነገር ቢጠይቅ ይበቃል፦ መልእክት በምን ቢደርስህ ይሻልሃል? ስትሳሳት በማን በኩልና መቼ ቢነገርህ ትወዳለህ? ባለፈው ዓመት ምን ተብለህ አዘንክ? የመጨረሻው ጥያቄ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ ጸጥታ ይሆናል። ያን ጸጥታ በሌላ ጥያቄ አለመሙላት ነው፤ መልሱ የሚመጣው ቡናው ሁለተኛ ሲቀዳ ነውና።